የኡስታ ሙሜ ጆሮ

ኡስታ ሙሜ ማረፉን የሰማሁት ድሬ፣ ታይዋን ገበያ፣ የእጅ ሰዓት ባትሪ የሚቀይር ሰውዬ ዘንድ ቆሜ ነው። ሰውዬው ሰዓቴን ከፍቶ ጎንበስ እንዳለ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ «ያ ደንቆሮው ኡስታ ሞተ አሉ፤ ትናንት ከአስር ሰላት በኋላ ቀበሩት» አለኝ። እንደ ማንኛውም የገበያ ወሬ ነው የነገረኝ። ሰዓቴን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ እሱ የኖረበት መጋላ ሰፈር እስክደርስ ድረስ ትዝም አላለኝ፤ እስከ ዛሬም አልተመለስኩለትም።

ለቅሶ ቤት ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠናል። ዱዓው ካለቀ በኋላ፣ እንደተለመደው፣ ስለ ሟቹ ጨዋታ ተጀመረ። ደግነቱ፣ ትዕግሥቱ፣ ማንንም አለመቀየሙ ተነሳ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ አጠገቧ ላለችው ወጣት፣ «ጆሮው የሄደው ገና በጃንሆይ ጊዜ ነው እኮ» ብላ ጀመረች። «ፈረንጆች ያቺን እሳት የምትተፋ መኪና አምጥተው፣ የአውራጃው ገዢ ሳይቀር ተጠርቶ፣ ሙሜ ደህናውን ሞተር ታሟል ብሎ አስቆመው። ያን ሁሉ ሰው በፀሐይ አስጠብሶ መለሰው አቦ። አላህ ይዘንለትና ጆሮው ከዳው።» ሴቶቹ በፍቅር ሳቁ። ክፉ ያሰበ የለም። ቀልዱ ከሰውየው ጋር ብዙ ዓመት ስለኖረ የቤተሰብ ያህል ሆኗል።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ልናገር ተነሳሁ፣ ሦስት ጊዜ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው አንዲት የቤቱ ልጅ መጸዳጃ ቤት የፈለግኩ መስሏት መንገዱን አሳየችኝ። ሄጄም ገባሁ፤ ምን ላድርግ። ልጽፈው የወሰንኩት እዚያ በር ዘግቼ ቆሜ ነው። በአፌ እንደማላወጣው ካወቅሁ ቆይቻለሁ።

«ኡስታ» ድሬ ውስጥ እጁ ሥራ ለሚያውቅ ሰው የሚሰጥ ስም ነው። ሹመት የለው፣ ወረቀት የለው፤ ሰዉ አንድ ቀን ኡስታ ብሎ ከጠራህ በቃ ኡስታ ነህ። ሙሜ የወፍጮ ቤት ሞተር ሐኪም ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ የግራ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ከሥራ ውጭ ሽርጥ አሸርጦ የሚሄድ ሰው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ግን የድሬ ልጅ አንቱታ ስለማይሆንለት እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ አንተ እለው ነበር። አንድ ልዩ ነገር ነበረው። መንገድ ሲሄድ ሁለቱንም ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ነው። ለምን ሲሉት፣ «የመንገድ ጫጫታ ጆሮ ይበላል፤ እኔ ለሥራዬ ነው የምቆጥበው» ይላል። ሰላም ስትለው ቆም ይልና ያንዱን ጆሮ ጥጥ በሁለት ጣቱ መዝዞ፣ «አቤት አቦ፣ እንዴት ነህ» ይላል። መልስህን ይሰማል፣ ጥጡን ይመልሳል፣ ይሄዳል። ወሬ የሚወድ ሰው ይናደድበት ነበር። እኔም አንዷ ነበርኩ።

ጆሮውን በዓይኔ ያየሁት፣ እንዲህ ማለት ከተቻለ፣ መጋላ አንድ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ነው። በሩ ላይ ሲያልፍ ድንገት ቆመ። ሁለቱንም ጥጥ አወጣ። ገብቶ ለባለቤቱ፣ «ቺንጋህ ከቀትር አያልፍም» አለው። ባለቤቱ፣ «ትናንት የገባ አዲስ ነው አቦ፣ ሂድ ወደዚያ» አለው። ኡስታ ሙሜ ጥጡን መልሶ ሄደ። ቀትር ሳይሞላ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ ጧ ብሎ ተበጠሰ። የእኔ ማሽላ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ እህል ሆኖ ቀረ። በጊዜው የተናደድኩት በባለቤቱ ሳይሆን በኡስታ ሙሜ ነው። እሱ ባይናገር የማይበጠስ መስሎኝ ነበር።

ስለ ራሴ ባጭሩ ልናገርና ልለፈው። ሮማን እባላለሁ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይዤ ወጥቼ ከዚራ ሰፈር አንድ አስመጪ ቢሮ ታይፕ እመታለሁ። አባቴ የለም። እናቴና ሁለት ወንድሞቼ የሚያድሩት በእኔ ሥራ ነው። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አልፈጠረብኝም፤ እናቴ ወንበር ይቆረቁርሻል ወይ ትለኝ ነበር። ስለዚህ ሁለት ፈረንጅ ወንድማማቾች አስተርጓሚ ፈለጉ ሲባል ቀድሜ የሮጥኩ እኔ ነኝ።

መኪናቸው ከጅቡቲ በባቡር መጣች፤ ጠፍጣፋ ፉርጎ ላይ፣ በሸራ ተጠቅልላ። ሸራው ሲገለጥ ጣቢያው ላይ የተሰበሰበው ሰው እየተገፋፋ ቀረበ። ረጅም፣ ብርማ፣ ከፊቷ አየር የምትስብበት አፍ፣ ከኋላዋ ሰው ተጎንብሶ የሚገባበት የሚያህል ቀዳዳ። ሞተሯ የጄት አውሮፕላን ሞተር ነው። ታላቅየው ሙሴ ሬኔ መሐንዲስ ነው፤ ከንፈሩ ቀጭን፣ ትዕግሥቱም እንደዚያው። ታናሽየው ሉዊ ነጂው ነው። በሦስተኛው ቀን «እንዴት ነሽ አቦ» ማለት ጀምሮ ነበር። ከሽንሌ ወዲያ፣ ዝናብ ሲተኛበት ከርሞ ፀሐይ ያደረቀው ሜዳ አለ፤ እዚያ ላይ በምድር ማንም በመኪና ያልሮጠውን ፍጥነት ሊሞክሩ ነው የመጡት። ሞተሩ የሚጠጣው ላምባ መሆኑ ሲሰማ ከተማው ትንሽ ቀለለው። «ይሄ ሁሉ ግርግር ለአንድ ትልቅ የላምባ ምድጃ ነው እንዴ» ተባለ።

እንዲህ ያለ ሞተር ቁልፍ ተጠምዝዞ አይነሳም። ሌላ ሞተር ነው የሚያስነሳው። ይዘውት የመጡት ማስነሻ ጋሪ ወደብ ላይ የባሕር ውሃ ገብቶበት ተቃጠለ። ኡስታ ሙሜን የጠሩት ያኔ ነው። እሱም የአንድ አሮጌ ወፍጮ ሞተር፣ ከከባድ መኪና የተነቀሉ ባትሪዎችና እንደ ክንድ የወፈረ ኬብል አገናኝቶ በሳምንት ውስጥ አዲስ ጋሪ ሠራ። ሙሴ ሬኔ ጋሪውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «አስቀያሚ ነው» አለ። ተረጎምኩለት። ኡስታ ሙሜ፣ «የሚያገባው አለ እንዴ፤ ይሠራል በይው» አለኝ።

ሠራም። በመጀመሪያው ሙከራ የወፍጮው ሞተር ዱግ ዱግ አለ፣ የመኪናዋ ሆድ መዞር ጀመረ፣ ድምፁ ሻይ ሊፈላ ሲል እንደሚያፏጨው ቀጭን ሆኖ ወጣ። ከዚያ ላምባው ተለቀቀ፣ እሳቱ ያዘ፣ ሜዳው ተንቀጠቀጠ። ደረቴ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሙሴ ሬኔ ደስ ብሎት አጠፋው። የሞተሩ የሚሽከረከር ክፍል ግን እሳቱ ከጠፋም በኋላ ብዙ ይዞራል፤ እየቀዘቀዘ፣ እየተንሾካሾከ። ያኔ ኡስታ ሙሜ ብድግ ብሎ ረጅሙን ካቻቪቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። እስኪቆም ድረስ እንደዚያው ቆየ።

«ውስጡ የሚነካካ ነገር አለ» አለኝ።

ሙሴ ሬኔ ሳቀ። ኡስታ ሙሜ ኬብሉን ጠቅልሎ ላዩ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪከፈት አልነሳም አለ። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን፤ የሁለቱንም ስድብ እያለዘብኩ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ሲከፈት ውስጡ ከሚዞሩት ምላጮች አንዱ ጫፉ በጠጠር ተመትቶ የጣት ጥፍር ያህል ተሸርፏል። በዚያው ቢሮጥ ተበጥሶ ይበተን ነበር። ሉዊ ስባሪውን በእጁ ይዞ ብዙ ጊዜ አየው። በማግስቱ ሙሴ ሬኔ የራሱን ወንበር ለኡስታ ሙሜ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ሙሜ እጁን ካላነሳ መኪናዋ አትንቀሳቀስም ተባለ።

ኡስታ ሙሜም ሥርዓት አወጣ። ከማስነሳት በፊት ሁላችንም ጎን ለጎን ተንበርክከን ከመኪናዋ ፊት ጠጠር እንለቅማለን፤ ሩዝ እንደሚለቀም። አፏ ሥር ብቻ፣ አንድ እርምጃ ያህል፣ አቧራ እንዳትስብ ውሃ ይረጫል። ኮፊያ ይወልቃል፣ ኪስ ይገለበጣል። እኔ ዝርዝሩን አነባለሁ።

«ጠጠር?»

«ተለቅሟል።»

«ኪስ?»

«ባዶ።»

«ኮፊያ?»

«ወልቋል።»

ይህን ሁሉ ሙሴ ሬኔ ወደደው። የመጨረሻው ግን ዕድሜ ልኩን አልገባውም። ኡስታ ሙሜ አንድ በአንድ እየዞረ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ ይጠይቀናል፤ «ዛሬ እጅህ ምን ነካ?» ከነጋ ጀምሮ የነካኸውን፣ ያስነካኸውንም፣ ትንሽ ነው ሳትል ትነግረዋለህ። በወጣትነቱ ይሠራበት በነበረ አንድ ጋራዥ፣ ጨርቅ ሞተር ውስጥ ረስቶ ቅጣት ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ነበር አሉ፤ በዚያ ዝምታ የሙሜ ጓደኛ እጁን አጣ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ። ስለዚህ ቃል ገባልን። «እዚህ የተነገረኝ ከእኔ አያልፍም። ወላሂ አያልፍም። የደበቀኝ ብቻ ከእኔ ጋር አይሠራም።»

ቃሉን ሲጠብቅ አይተናል። የውሃ ቦቴ የሚነዳው አብዲ አንድ ቀን፣ «የሻይ ብርጭቆ መኪናዋ ጀርባ ላይ አስቀመጥኩ» አለ። ኡስታ ሙሜ ሄዶ ቦታውን ጠረገው፣ ወሬው እዚያ አለቀ። ሉዊ ደግሞ ተራው ሲደርስ በተሰባበረ አማርኛ፣ «እጄ ልቤን ነካ፤ በጣም ይመታል» ብሎ ሳቀ። ኡስታ ሙሜ አልሳቀም። እጁን ይዞ መኪናዋን ሁለት ጊዜ አዞረውና፣ «አሁንስ?» አለው። የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወረቀት።» ይስቁብኛል።

ከሩጫው በፊት ባለው ሳምንት አንድ የፈረስ ጋሪ ነጂ ሜዳውን አቋርጦ የጎማ ዱካ ጥሎ ሄደ። በዚያ ፍጥነት ዱካ ማለት ሞት ነው። ሙሴ ሬኔ አቤት አለ፣ ሰውየው ታሰረ። ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ መኪናዋ የምትሮጥበትን መንገድ የነካ ሰው ከሥራው ተባርሮ ወደ እስር ቤት እንደሚሄድ ታወጀ። አዋጁን በአማርኛ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ኮራ ብዬ።

የሩጫው ቀን የአውራጃው ገዢና ባለቤታቸው፣ ነጋዴዎችና ሹማምንት ተጠሩ። ዳስ የተተከለው ከመነሻው ራቅ ብሎ፣ መኪናዋ በሙሉ ኃይሏ ከምታልፍበት ቦታ ዳር ነው። እንግዳ መቀበል ለእኔ ተሰጠ። ማለዳ ስደርስ ምንጣፉ፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ አቧራ ለብሷል። ተንቆራጠጥኩ። እኛ ድሬ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድነው? ደጃችንን ውሃ እንረጫለን። አቧራው ይተኛል፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ እንግዳውም እንደተጠበቀ ያውቃል። እናቴ ውሃ ሳትረጭ የቄስ ጉብኝት ከምትቀበል በሯን ብትዘጋ ይሻላታል።

«አብዲ» አልኩት፣ «ዳሱ ፊት አጠጣልን። መኪናዋ ስታልፍ እነ ገዢውን አቧራ እንዳታለብስብን።»

«አንቺ ብቻ እዘዢ አቦ» አለኝ።

አብዲ እጁ ሰፊ ነው። ዳሱን አልፎ መንገዱን ተሻገረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተሻገረ፤ ቦቴው እስኪደርቅ። አቧራው የሚነሳው ከዚያ ነው፣ ልክ ነው ብዬ አየሁት። መንገድ መንካት ማለት ማበላሸት ነው ብዬ ነው የማውቀው፤ ውሃ ክብር ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ላዩን አድርቃው መሬቱ እንደ ቀድሞው ነጭ ሆነ። በራሴ ደስ አለኝ።

ገዢው ዘግይተው መጡ። ነፋስ ከአራት ሰዓት በኋላ ስለሚነሳ ሙሴ ሬኔ አብዷል። እንግዶቹን አስቀምጬ በላንድሮቨር ወደ መነሻው ስበር የወፍጮው ሞተር ዱግ ዱግ ሲል ከሩቅ ሰማሁት። ያለ እኔ ጀምረዋል። ስወርድ እሳቱ ያዘ። ሉዊ መስታወቱን በላዩ ዘግቶ ውስጥ ተቀምጧል፤ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ኡስታ ሙሜ ጋሪው ጎን እጁን ኬብሉ ላይ አድርጎ ቆሟል። ኬብሉን ነቅሎ እጁን ሲያነሳ ሉዊ ይለቃታል። ሙሴ ሬኔ፣ «ምን ይጠብቃል?» እያለ ይጮሃል፤ ድምፁ አይሰማም፣ አፉን ነው የማየው።

ይጠብቅ የነበረው እኔን ነው። ያልጠየቀው እኔን ብቻ ነበር። በጣቱ ጠራኝና ጆሮውን ወደ አፌ ዝቅ አደረገ።

«ወረቀት» ብዬ ጮህኩ። «ዳሱ ፊት ደግሞ ውሃ አስረጨሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። በጣቱ አየሩ ላይ መስመር አሰመረ፣ በመስመሩ ላይ ሌላ መስመር አሳለፈ። መንገዱን አቋርጦ? ማለቱ ነው። ፈገግ ብዬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ያን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አልተቆጣም። እኔን አየ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሉዊን አየ፣ ከዚያ ወደ ሩቁ ዳስ ተመለከተ። ካቻቪቴውን ከጋሪው ላይ አንስቶ ሞተሩ ላይ ደገፈ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። የሆነ ነገር እየሰማ መሰለኝ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አመሳቀለ። አጥፉ ማለት ነው። ሉዊ አጠፋ።

ጆሮዬ እየጮኸ ሙሴ ሬኔ ትከሻዬን ያዘኝ። «ምን ሰማ? ጠይቂው።»

«መጥፎ ድምፅ ሰምቷል በይው» አለኝ ኡስታ ሙሜ።

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«መጥፎ ብዬሻለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዳሱ ጋ ሂጂና ያስጠጣሽውን መሬት በእግርሽ እዪው። ለአብዲም ለማንም አትንገሪ» አለኝ።

ሄድኩ። እንግዶቹ እየተቆጡ ይበተናሉ፤ ገዢው ሰላምታዬን አልመለሱም። መንገዱ ላይ ቆሜ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው። ሁለት እርምጃ ሄድኩ፣ ቅርፊቱ ተሰነጠቀና ከሥሩ ያለው ሳሙና ሆኖ እግሬን ወሰደው። ቁጭ አልኩ። ቀሚሴ እስከ ወገቤ ጭቃ ሆነ። ሉዊ በዚያ ፍጥነት እዚህ ላይ ሲደርስ ታየኝ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። የገዛ እጄ ሰው ሊገድል ነበር፤ እንግዳ ላክብር ብዬ።

ስመለስ ኡስታ ሙሜ ኬብሉን እየጠቀለለ ነው።

«ሳሙና ነው፣ ኡስታ።»

«አውቃለሁ። በሁለት ቀን ይደርቃል። ሞተሩንም ከፍተው እስኪገጥሙት ሁለት ቀን ነው።»

«ለሙሴው ልንገረው።»

«ጋሪ ነጂው ዛሬም አልተፈታም» አለኝ። «አብዲ አራት ልጅ አለው። አንቺም ቤት አለሽ። እኔ ደግሞ ከእኔ አያልፍም ብያለሁ። ኸላስ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሩ በብሎን በብሎን ተፈታ። ምንም አልተገኘበትም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሴ ሬኔ እጁን እየጠረገ መጣና ኡስታ ሙሜ ፊት ቆመ። ሉዊም፣ ሠራተኞቹም፣ ከገዢው ቢሮ የተላከ ሰውም ነበሩ።

«ጠይቂው» አለኝ። «አሁንም ድምፅ ሰምቻለሁ ይላል?»

ጠየቅኩት። ኡስታ ሙሜ ካቻቪቴውን በጨርቅ ሲወለውል ቆየ።

«ጆሮዬ አርጅቷል በይው» አለኝ።

«ኡስታ…»

«በይው። እንዳለ በይው፤ አታሳምሪው።»

በፈረንሳይኛ አራት ቃል ነው። ስንት ስድብ አለዝቤ፣ ስንት ክፉ ቃል ውጬ ያስተረጎምኩ ሴት፣ ያችን ግን አንዲት ፊደል ሳልቀንስ ተናገርኳት። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። እናቴ ታየችኝ፣ እስር ቤቱ ታየኝ፣ ፈራሁ። ሙሴ ሬኔ ወንበሩን አነሳ፣ ያችኑ የሰጠውን ወንበር፣ ይዞ ወደ ድንኳኑ ገባ። ኡስታ ሙሜ ካቻቪቴውን በብብቱ ይዞ ወደ ከተማ በሚመለስ መኪና ተሳፈረ።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ሮጠች። ዳሱ ፊት በኩርንችት እንኳን ሳትደናቀፍ እንደ ጥይት አለፈች። የተመኙትን ፍጥነት አላገኙም፤ ኋላ ጠቅልለው ሌላ አገር ሄዱ። ሉዊ ግን በእግሩ ወርዶ፣ እየሳቀ፣ ሁላችንንም እየዞረ ሳመን። «ሙሜስ?» አለኝ። ላብራራለት ጀመርኩና ሌላ ሰው ጠራው።

ከተማው ግን አልረሳም። ወፍጮ ቤቶቹ ሌላ መካኒክ መጥራት ጀመሩ። መንገድ ላይ ሰው ሞተር ሲያስነሳ፣ «ሙሜ፣ ይሄስ ታሟል?» ይለዋል፤ እሱም ይስቃል። ቀሪ ዘመኑን ቢስክሌት ሲጠግን ኖረ። ቢስክሌት ጆሮ አይጠይቅም።

መኪናዋ በሮጠች ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ መጋላ ቤቱ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የቢስክሌት ጎማ ይለጥፋል። ገና ከበሩ፣ «ግቢ ሮማን» አለኝ። ደነገጥኩ። ጆሮዎቹ ባዶ ናቸው። ያለ ጥጥ ሳየው ከሥራ ውጭ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጥጡስ?» አልኩት።

«ለምኑ አቦ። ከእንግዲህ ምን የምቆጥበው አለ?» ብሎ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳልኝ።

መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁትን ጀመርኩ። ነገ ጠዋት ገዢው ቢሮ እሄዳለሁ፣ ውሃውን ያስረጨሁት እኔ ነኝ እላለሁ፣ ጆሮህ ደህና መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ልል ነው። «ኡስታ፣ እኔ ነገ…» እንዳልኩ ጣቱን አነሳ። ጎማውን አስቀመጠ። እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ ከሸሚዙ ኪስ ጥጥ አወጣ፣ በሁለት ጣቱ አድቦልቡሎ አንዱን ጆሮውን ደፈነ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሳይቸኩል፣ እንደ ወትሮው። ከዚያ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየኝ።

«አሁን ንገሪኝ» አለ።

ሁሉንም ነገርኩት። ውሃውን፣ ጭቃውን፣ አራቱን ቃል። እሱ መነቅነቅ በማይገባው ቦታ ራሱን እየነቀነቀ፣ ብርጭቆዬ ሲጎድል እየሞላ አደመጠኝ። ስጨርስ ቀለለኝ። የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ነገ ቢሮ እንደማልሄድ ያን ጊዜ አውቄያለሁ፣ እሱም አውቋል። ጥጥ ነው እንጂ ግድግዳ አልነበረም፤ ጮክ ብል ይሰማኝ ነበር። እጄን ዘርግቼ መምዘዝም እችል ነበር። እኔ ግን በለሆሳስ ተናገርኩና ሻዬን ጠጣሁ።